ስድስት ቀን የሚተኛው ወይን

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ኤንግልበርት ትሩምለር ከአሮጌው ምድር ቤታቸው ደረጃ ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የእሳት አደጋ ሰዎች የአየር ጭንብል አጥልቀው ወርደው ሲያወጧቸው ገላቸው ላይ አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረችም። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ስልሳ መኸር ወይን የሰበሰቡ ሰው፣ በገዛ ምድር ቤታቸው ወይን ሲፈላ በሚወጣው ጋዝ ታፍነው ሞቱ ቢባል ማን ያምናል? የኦበርግራስባኽ መንደር ሰው ግን ወዲያው አመነ። ማመን ብቻ አይደለም፣ ኢንስፔክተሩ ከመድረሱ በፊት ጥፋተኛውን በስም ጠርቶ ጨርሶ ነበር።

ኢንስፔክተር ኦትማር ቬሰሊ ከከተማ መጥቶ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንድ ሰው በመስኮቱ ብርጭቆ ሙሉ ወይን ጠጅ አቀበለው።

«ለድንጋጤው ነው» አለው ሰውየው።

«እኔ አልደነገጥኩም።»

«ትደነግጣለህ» አለና ብርጭቆውን እጁ ላይ ጥሎለት ሄደ።

ቬሰሊ በጨጓራው ምክንያት ወይን ጠጅ ከተወ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ብርጭቆውን የት እንደሚያኖረው ጨንቆት እንደያዘው ወደ ምድር ቤቱ ወጣ። የመንደሩ ምድር ቤቶች ሁሉ ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታውን ሰንጥቆ በሚያልፍ አንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። የትሩምለሮች የመጨረሻው ነው። በሩ ላይ የመንደሩ ፖሊስ ሳጅን ኢርምጋርድ ቆማ ጠበቀችው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሰው ሁሉ ዘመዷ የሆነ፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ናት።

«ዱሻን ነው ይላሉ» አለችው ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ሰው ቃል ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። ዱሻን ማን ነው?»

«ለቀማ ሲደርስ ከስሎቫኪያ የሚመጣ ሠራተኛ። ትናንት ከሰዓት ምድር ቤቱን ሲያጥብ ነበር። ማራገቢያውን አጥፍቶ ሄደ፣ ጋዙ ተጠራቀመ፣ ሽማግሌው ጠዋት ሲወርዱ ወደቁ። በቃ።»

የማራገቢያው ማብሪያ ከበሩ በስተቀኝ፣ ውጭ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቁልፍ የለውም። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሊነካው ይችላል፤ አሻራ ብሎ ነገር የማይታሰብ ነው። ከማብሪያው አጠገብ ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረ ትንሽ መደርደሪያ ላይ አንድ ሻማና አንድ የክብሪት ሳጥን ተቀምጠዋል። ቬሰሊ ሻማውን አንስቶ አየው። አዲስ ነው፤ ክሩ እንኳ ነጭ ነው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ወይን በሚፈላበት ወር ማንም ያለ ሻማ አይወርድም። ዝቅ አድርገህ በጉልበትህ ልክ ትይዘዋለህ። ከጠፋ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ ሮጠህ ትወጣለህ።» ኢርምጋርድ ጨመረችበት። «ኤንግልበርት ልጁ ፖልዲ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እያለ ያለ ሻማ ወርዶ ቢያገኘው መንደሩ ፊት በጥፊ አጩሎታል። እስካሁን ይወራል።»

«ታዲያ ዛሬ እሱ ራሱ ለምን ሳይዝ ወረደ?»

«አርጅቷል። ረሳ።»

ቬሰሊ አልተዋጠለትም። ስልሳ ዓመት የተሠራበት ነገር እንዲህ በአንድ ጠዋት አይረሳም። የሟቹን ኮት ኪስ ሲፈትሽ ደግሞ ከበርሜል ውስጥ ለቅምሻ የሚቀዱበትን ረጅም የብርጭቆ ቱቦ አገኘ። ሽማግሌው ሊቀምሱ ነበር የወረዱት። የማንን ወይን? እዚያ ታች ያሉት ሦስት ትልልቅ የእንጨት ገንዳዎች የሴት ልጃቸው የሄድዊግ ናቸው፤ መንደሩ በሙሉ እንደሚያውቀው ደግሞ ኤንግልበርት የሄድዊግን ወይን ወደ አፋቸው አድርሰው አያውቁም።

ጋዙ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ቬሰሊ ራሱ ወረደ። ገንዳዎቹ ከጨርቅ ክዳናቸው ሥር ይንተከተካሉ። ከሦስተኛው ገንዳ ጀርባ አንድ ክዳን የሌለው ሰማያዊ የኤናሜል ማንቆርቆሪያ ወድቋል። አንስቶ አሸተተው። ውስጡ የደረቀ ነገር አለ፤ ሽታው የዳቦ ሊጥ ይመስላል።

«የዱሻን መሆን አለበት። ለእጥበት» አለች ኢርምጋርድ።

«ሁሉ ነገር የዱሻን ነው እዚህ አገር» አለ ቬሰሊ፤ ወይኑን አሁንም በግራ እጁ እንደያዘ ነበር።

ዱሻን ለቃሚዎቹ በሚያድሩበት ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ጥፍሮቹ ሥር የወይን ጭማቂ ደርቆ የጠቆረ ሰው ነው። ለትሩምለሮች ሲሠራ ይሄ አሥራ ዘጠነኛ መኸሩ ነው።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት። ማራገቢያውን እንደበራ ትቼው ነው የወጣሁት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጌታዬ፣ አቶ ኤንግልበርት በዚህ ወር ማራገቢያ ያጠፋ ሰው ካዩ በሕይወት አይለቁትም ነበር። አላጠፋሁም።»

«ወይኑ ሲፈላ አልሰማህም?»

«ማራገቢያው ሲጮኽና ውሃው ሲፈስ የገዛ ድምፄን አልሰማም። ገንዳውን ደግሞ አልነካም። የሄድዊግ፣ የሄዲ ነው፤ ሰው እንዲነካባት አትወድም።»

«ስትወርድ መንገድ ላይ ማን አገኘህ?»

ዱሻን እጆቹን አየ። 

«ማንንም።»

«ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ይዘህ ነበር?»

«እኔ የማጥበው በጎማ ነው።»

ቬሰሊ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ ደግሞ ጠየቀው፤ ያው መልስ መጣ። ዓይን ያወጣ ውሸት ቢዋሸው ይሻለው ነበር። ይህ ሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የዋሸው፤ የቱን እንደሆነ ሊያውቅ አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕጓ ደወለች። «ቬሰሊ፣ ይሄ ግልጽ ነገር ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣህልኝ በሠራተኛው ላይ ክሱን እፈርማለሁ።»

«ሦስት ቀን?»

«ለአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሦስት ቀን ብዙ ነው» አለችና ዘጋችው።

ሌዎፖልድ ትሩምለር፣ መንደሩ ፖልዲ የሚለው፣ ከመንደሩ በታች አዲስ አዳራሽ ሠርቷል። ውስጡ እንደ ሆስፒታል ያንጸባርቃል፤ በማቀዝቀዣ የሚሠሩ የብረት ታንከሮች ጣሪያ ነክተው ቆመዋል። ፖልዲ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሲያወራ ታንከሮቹን መታ መታ ያደርጋቸዋል።

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መጭመቂያው ላይ። ሦስት ሠራተኞች ምስክሮቼ ናቸው፤ ሦስቱም ይጠሉኛል፤ ስለዚህ ውሸት አይናገሩልኝም።»

«ሰኞ ማታስ?»

«መዝሙር ልምምድ። ሳጅኗን፣ ኢርሚን ጠይቃት፤ አጠገቤ ሆና ጆሮዬን ስታደነቁረው ነበር።» እጁን በታንከሩ ላይ አሳረፈ። «ስማ ኢንስፔክተር፣ እኔ እርሾ ከፋብሪካ ገዝቼ እጨምራለሁ፣ በሁለተኛው ቀን ይፈላል፣ ሙቀቱን በቁልፍ እቆጣጠራለሁ፣ ያልቃል። እህቴ ደግሞ ምንም አትጨምርም። ከነቆዳው ታስቀምጠውና ራሱ እስኪነቃ ትጠብቃለች። ጸሎት ነው የምታደርገው። አምና ሁለት ገንዳ ኮምጣጤ ሆነባት።»

«አባትህስ ምን አሉ?»

«አባቴማ ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው አላት። አዲሱ ወይን በሚከፈትበት በማርቲን በዓል ይቀምሳል፣ ከተበላሸ አሮጌው ምድር ቤት ለእኔ ይሆናል።»

«ስለዚህ ቢበላሽባት ትጠቀማለህ።»

ፖልዲ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እንዲበላሽ እኔ ምን ማድረግ ያስፈልገኛል? መጠበቅ ብቻ ነው!»

ቬሰሊ ሊወጣ ሲል የፖልዲ ባለቤት ካለችበት ክፍል በትሪ ወይን መጣ። ሦስት ዓይነት። ጨጓራውን ይዞ አምልጦ ወጣ።

ሄድዊግን ያገኛት ረቡዕ፣ ከአሮጌው ምድር ቤት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፀሐይ የጠበሳት፣ ዓይኖቿ ከለቅሶ ያበጡ። አባቷን ያገኘችው እሷ ናት።

«ወይንሽ መቼ ገንዳ ገባ?»

«ቅዳሜ።»

«አባትሽ ሲወርዱ ገና ሦስት ቀኑ ነዋ። ወንድምሽ ያንቺ ይዘገያል ሲል ሰማሁ።»

«ከስድስተኛው ቀን በፊት ነቅቶ አያውቅም። ስምንት ዓመት ጽፌ ይዣለሁ። ይሄ ምድር ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ዝም ብሎ ይተኛል።» ከንፈሯን ነከሰች። «ዘንድሮ ምን እንደነካው አላውቅም። አላውቅም ኢንስፔክተር። ምናልባት መኸሩ ሞቃት ስለነበረ ይሆናል።»

«ሰው ለምን ቀላሉን መንገድ ትቶ ይሄን ይመርጣል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እዚህ ግድግዳው ላይ፣ እንጨቱ ላይ፣ አየሩ ውስጥ የአያቶቼ እርሾ አለ። ወይኔን የሚያፈላው እሱ ነው። የፖልዲ ወይን ንጹሕ ነው፤ ግን የትም አገር ሊሠራ ይችላል። የእኔ እዚህ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ አየሩን የሚያወጣብኝን ነገር አልወድም።»

ቬሰሊ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ጻፈው እንጂ አልገባውም፤ በኋላ ያንን ገጽ ባየ ቁጥር በራሱ ይናደድ ነበር።

«አባትሽ አንቺን ምን ይሉሽ ነበር?»

«መንደሩን ጠይቅ። የልጄ ወይን እስኪነቃ እኔ እሞታለሁ እያለ ሰው ያስቅ ነበር።» ፊቷን አዞረች። «አንድ ቀን እንኳ አምኖኝ አያውቅም።»

«ሰኞ ማታ እዚህ መጥተሽ ነበር?»

«አይ» አለች፤ ቶሎ ነው ያለችው።

ኢርምጋርድ መኪናው ውስጥ ሆና «እሷም ትዋሻለች ልትለኝ ነው?» አለችው።

«እዚህ አገር የማይዋሽ ማን አለ? እርስ በርሳችሁ ዘመድ ናችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ጎረቤት ናችሁ፣ እኔ ስመጣ ብርጭቆ ትሞሉልኛላችሁ እንጂ አንድ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠኝ የለም!»

«አትጮኽብኝ። እኔ ውሃ ነው የሰጠሁህ።»

እውነቷን ነው፤ ሞተሩን አስነሳ።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ኖትቡርጋ ትሩምለር ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሊጥ እያሹ ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ትናንት ሞቶ ዛሬ ዳቦ ይጋግራሉ፤ ለቃሚዎቹ ይበላሉ፣ ወይኑም አይጠብቅም። ቬሰሊን ሳይጠይቁት በጥቁር የፖፒ አበባ ፍሬ የተለወሰ የድንች ሊጥ ምግብ ሳህን ሙሉ አቀረቡለት።

«ብላ። ፊትህ ገርጥቷል።»

«አመሰግናለሁ እናቴ። ሰኞ ማታ ባልዎ ምን ሲሉ ነበር?»

«ምን ይላል። እራት በላ፣ ተኛ።»

«ጠዋት ወዴት እንደሚሄዱ ነግረውዎታል?»

ሊጡን ገለበጡት። «እኔ ስነቃ ወጥቷል።»

«ዱሻንን ያውቁታል። አጥፍቶት ይሆን?»

«ማራገቢያው በርቶ ቢሆን ኤንግልበርት ይሄኔ እዚህ ተቀምጦ ይሰድብህ ነበር። ጠፍቶ ነው የሞተው። ማን እንዳጠፋው እኔ ምን አውቃለሁ? መጨረሻ የወጣው ዱሻን ነው።» ሊጡን ደግመው ገለበጡት። «ጥሩ ሰው ነው። እንደ ልጄ ነው። ግን ሰው ይሳሳታል።»

ቬሰሊ እየጎረሰ ግድግዳውን ያያል። ሰማያዊ የኤናሜል ዕቃዎች በረድፍ ተሰቅለዋል፦ ድስት፣ ጭልፋ፣ ማጥለያ። ከዳር ባለው ሚስማር ላይ አንድ ክዳን ብቻውን ተንጠልጥሏል። መጉረሱን አቆመ። አንድ ነገር ሊል ፈለገና ተወው፤ አሮጊት ማንቆርቆሪያ ጠፋባት ብሎ የሚከስ ፖሊስ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት በአውራጃው ካለው የወይን ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሴትዮ ደወለች። ከሦስቱም ገንዳዎች ናሙና፣ ከፖልዲ አዳራሽ ደግሞ አንድ የእርሾ ፓኬት ልኮላት ነበር።

«በዚያ ቅዝቃዜ ወይን በሦስት ቀን በራሱ እንዲህ አይፈላም ብዬህ አልነበር? አልፈላም። ሦስቱም ውስጥ ያለው የፋብሪካ እርሾ ነው። ያውም ያ ወንድምየው የሚጠቀምበት ዓይነት፤ የላክህልኝን ፓኬት አየሁት።»

ቬሰሊ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ወደ አዳራሹ በረረ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጨበጠ! ፖልዲን ከታንከሩ ሥር ጎትቶ አወጣው።

«እርሾህ እህትህ ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ፖልዲ አፉን ከፍቶ ቀረ። «የማን እርሾ?»

«ያንተ! ሦስቱም ውስጥ!»

«ሁለት ፓኬት ጎድሎኝ ነበር... ለቃሚዎቹ ወስደው ጣሉት ብዬ...» ፖልዲ ቀስ በቀስ ነገሩ ገባውና ፊቱ ደም መሰለ። «አንተ ሰውዬ ታስባለህ? የእኔን እርሾ ከጨመርክበት እኮ ወይኑ ይስተካከላል! ኮምጣጤ አይሆንም! አባቴ በማርቲን በዓል ቀምሶ ያጨበጭብላታል፣ ምድር ቤቱን እሷ ትወስዳለች! እኔ ምን ቆርጦኝ ነው እሷን የማድነው?»

ቬሰሊ ኮቱን ቆልፎ ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን በቡጢ መታው። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ሲወቅጥ ከረመ። የዐቃቤ ሕጓ ቀነ ገደብ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ዱሻን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በር በሩን ያያል፣ እሱ ደግሞ ማንም ሊጠቅም የማይፈልገውን ወይን ማን እንደጠቀመው እየፈለገ ነው።

ማን እንደጠቀመው። ፖልዲ ትክክል ነው፤ እርሾውን የጨመረው ጠላት አይደለም። ሄድዊግ እንድታሸንፍ የፈለገ ሰው ነው።

«ኢርምጋርድ» አለ፣ መኪናው ውስጥ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ሳጅን ዞሮ፣ «እርሾው ሰኞ ከተጨመረ ማክሰኞ እንዲህ አይሆንም። እሑድ መሆን አለበት። እሑድ ጠዋት ማን ነበር ቤተ ክርስቲያን ያልመጣ?»

«የመኸር ምስጋና ነበር እኮ! ሁሉም መጥቷል። ፖልዲ መስቀሉን ይዟል፣ ሄዲ ከወይን ዘለላ የተጎነጎነውን ዘውድ ተሸክማለች...» ቆም አለች። «ቡርጊ ዘግይታለች።»

«ማን?»

«ወይዘሮ ኖትቡርጋ። እኔ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስብከት በኋላ መጣች፣ ላብ በላብ ሆና። ዳገት ወጣሁ አለችኝ። ከቤቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገት የለም።» ኢርምጋርድ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እናቴ ስትሞት ገላዋን ያጠበች ሴት ናት፣ ኦትማር። አታድርገው።»

ቬሰሊ ማስታወሻውን አወጣ። የረቡዕን ገጽ አገላብጦ፣ ሄድዊግ ስለ አየሩ ያለችውን ሁለቴ አነበበ። ከዚያ ራሱን ሰደበ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ወጥ ቤት ነበሩ። ቬሰሊ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወይዘሮ ኖትቡርጋ አዩት፤ ክዳኑን ለማየት ግን ቀና አላሉም።

«የሁለት ሰው ሥራ ነው» አለ ቬሰሊ። «እያንዳንዱ ለብቻው ማንንም አይገድልም። ማራገቢያውን ያጠፋው ሰው ወይኑ እንደተኛ ነው የሚያውቀው፤ ለተኛ ወይን ማራገቢያ ምን ያደርጋል? የአያቶቹን እርሾ ያስወጣበታል እንጂ። ሰኞ ማታ ሲያልፍ ሳይገባ አጠፋው።»

ሄድዊግ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ ነጣ።

«በየዓመቱ አጠፋዋለሁ» አለች። «በየዓመቱ ነው። ተኝቶ ነበር። እምላለሁ ተኝቶ ነበር! እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ግን እንዴት እንደነቃ እስካሁን አልገባኝም።»

«አልነቃም» አለ ቬሰሊ። «ቀሰቀሱት።»

ወይዘሮ ኖትቡርጋ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነው፣ ደጋግመው ጠረጉት።

«ሁለት ፓኬት» አሉ። «ለብ ባለ ውሃ በጠበጥኩት፣ እንደ ዳቦ። እሑድ ሁሉም ሲወጡ ተሸክሜ ወጣሁ።»

«እማዬ?» አለች ሄድዊግ።

«አምና ሁለቱን ገንዳ ስትደፊ አይቼሻለሁ። ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ። እንደዚያ ስታለቅሺ ደግሜ ማየት አልቻልኩም። ዘንድሮ ከተበላሸብሽ ምድር ቤቱን ይወስድብሻል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ማን ያውቃል ብዬ ነው። ማራገቢያው ሁሌ ይበራል፣ ማንም አይጎዳም ብዬ ነው።»

«ስምንት ዓመት...» አለች ሄድዊግ። «የእኔ የሆነ አንድ ነገር ያ ብቻ ነበር፣ እማዬ። ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«እምቢ ትይኝ ነበር።»

«አዎ! እምቢ እልሽ ነበር!»

ቬሰሊ ሊያቆማቸው አልፈለገም፤ ግን አንድ ነገር ቀርቶታል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳው ነገር። «ወይዘሮ ኖትቡርጋ፣ ሰኞ በእራት ላይ ምን አሉ? አሁን ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ማንቆርቆሪያውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «የልጅቷ ወይን ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው አለኝ። ቅዳሜ ነው የገባው አልኩት። በጣቱ ቆጠረ። እንግዲያስ ገና ተኝቷል፣ ነገ ሳይነቃ ልቅመሰው፣ ለሄዲ ግን እንዳትነግሪ አለኝ።» እንባቸው መጣ። «ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከነገርኩት ደግሞ ያንን ወይን እሷ አልሠራችውም ይላል። ሻማውን ይይዛል ብዬ ዝም አልኩ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲይዝ ነበር! ማን ሳይዝ ይወርዳል ይላል?»

«ለምን አልያዘም?» አለች ሄድዊግ፤ ጥያቄ ሳይሆን ልመና ነበር።

«ስድስት ቀን ይተኛል ብለሽው ነበራ» አሉ እናቷ። «አምኖሽ ነዋ።»

ሄድዊግ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ዕድሜ ልኳን ከአባቷ የጠበቀችውን ቃል ሰማች፤ ቬሰሊ ግን በሕይወቱ ሰው ያን ያህል ሲጎዳ አይቶ አያውቅም። ደብተሩን ዘጋ። መዝገቡ ላይ የሚጽፈውን አሁን ያውቀዋል፤ ሁለት ስም ነው፤ የትኛው ይብሳል ብለው ግን እሱን እንዳይጠይቁት ፈለገ።

አራት ሰዓት ሲል ለዐቃቤ ሕጓ ደወለ። ሰምታ ስትጨርስ «እናትና ልጅ? የትኛዋን ነው የምከሰው?» አለችው።

«እሱ ያንቺ ሥራ ነው። የሠራተኛውን ክስ ግን አሁኑኑ ተዪው።»

ወደ ዱሻን ሲሄድ ሄድዊግ አብራው እንድትሄድ ለመነችው። «እኔው ልንገረው» አለች። ዱሻን የለቃሚዎቹ ቤት ውስጥ ልብሱን እያጠፈ ሻንጣ ውስጥ ያስገባል። ሲገቡ ቀና ብሎ አያቸው፤ እጁ ግን ማጠፉን አላቆመም።

«ዱሻን» አለች። «ማራገቢያውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሰኞ። አንተ አይደለህም።»

«አውቃለሁ» አለ ዱሻን።

«ምን ታውቃለህ?» ቬሰሊ ጮኸ።

«ሰኞ ስወርድ መንገድ ላይ ተገናኘን። ደህና እደር ብላኝ ወደ ላይ ወጣች። ከእሷ ሌላ ወደዚያ የሚወጣ ሰው አልነበረም።»

«ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ እኮ! ሊከሱህ ነበር! ለምን አልተናገርክም?»

ዱሻን ለቬሰሊ አልመለሰም። ፊቱን ወደ ሄድዊግ ነበር ያዞረው፤ የተናገረው ያለ ቁጣ፣ ተቀምጦ ሲያስብበት የሰነበተ ሰው እንደሚናገረው ነው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ በልተናል። ማክሰኞ፣ አባቷን አግኝታዋለች፣ ራሷ ሳትሆን ቀርታ ነው አልኩ። ረቡዕ፣ ትንሽ ትረጋጋ፣ መጥታ ትናገራለች አልኩ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በሩን አየሁ።»

«ዱሻን፣ ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ። ዛሬ መጥቻለሁ እኮ።»

«አዎ» አለ ዱሻን። የሻንጣውን ዚፕ ሳበ። «ዛሬ ግን ዓርብ ነው።»

ሻንጣውን አንስቶ በመካከላቸው አልፎ ወጣ። ወደ ድንበሩ የሚሄደው አውቶቡስ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቬሰሊ በመኪና ላድርስህ አለው፤ በእግሬ ይሻለኛል አለው።